ፎቶው ጥግ ላይ የገባችው አውራ ጣት

«አንተ ልጅ! እዚያ ጋ እንዳትቆፍር!»

ሜርል ደንግጣ ቀና አለች… የምትቆፍርበት ማንኪያ ከእጇ ወደቀ።

አንድ ሽማግሌ የሣር ማጨጃውን አጥፍቶ እያነከሰ ወደ እሷ ይመጣል።

ቀረብ ብሎ ሽበቷን ሲያይ ድምፁ ወረደ።

«ይቅርታ እመቤት… ከሩቅ የሰፈር ጎረምሳ መስለውኝ ነው።»

«ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ጉልበቴን ቢጠይቁት ደግሞ መቶ ይልዎታል።»

ሽማግሌው ሳቀ። ስሙ ኔቪል ነው። የዊትልኮምብ መንደር ቤተክርስቲያን መቃብር ላይ ሣር ሲያጭድ ዕድሜውን የፈጀ ሰው።

ሜርል አልሳቀችም… ደክሟታል።

ከአውስትራሊያ እስከዚህ ሁለት አውሮፕላን፣ አንድ ባቡር፣ ሦስት አውቶቡስ።

የቀደምት ቤተሰቦቿን ዱካ ስትፈልግ አስራ አንድ ዓመት። የጻፈችው ደብዳቤ ሠላሳ አራት… መልስ የመጣላት ዘጠኝ።

ዛሬ ጠዋት የቅድመ አያቶቿን ቤት አገኘችው። የመኪና ማቆሚያ ሆኗል።

የቀራት መቃብሩ ብቻ ነው። የመጨረሻው አውቶቡስ አስር ሰዓት ከአስር ላይ ይነሳል፤ ነገ ወደ አገሯ ትበራለች።

«እዚህ ያለ ፈቃድ አይቆፈርም» አለ ኔቪል።

«እኔ የምፈልገው ጉድጓድ ይህችን ታህል ነው» ብላ መዳፏን ከፈተችለት።

ልብስ ሰፊዎች መርፌ እንዳይወጋቸው ጣታቸው ላይ የሚያጠልቋት ትንሽ የብር ቆብ ናት። ጫፏ ተበልቷል።

«የሄስተር ታፊን ናት። የእናቴ ቅድመ አያት። ልጇ መርከብ ልትሳፈር ስትል ከጣቷ አውልቃ ሰጠቻት… ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። እናቴ ልትሞት ስትል ‹ለባለቤቷ መልሺልኝ› አለችኝ።»

«የሄስተር የመቃብር ድንጋይ እኮ ያው አጥሩ ጋ…»

«አውቃለሁ። ማጨጃው እንዲያልፍላችሁ ድንጋዩን ሁሉ ነቅላችሁ አጥር ላይ ደረደራችሁት። ሰዎቹ ግን አብረው አልተነሱም።»

ኔቪል አንገቱን ደፋ።

«ታዲያ እዚህ ጋ መሆኗን በምን አወቁ?»

ሜርል ከቦርሳዋ አንድ የቆየ ፎቶ አወጣች። አንዲት ሴት ከዚሁ ትልቅ ጥድ ሥር ቆማ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ፈገግ ብላለች። ጥጉ ላይ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት ገብታ አንድ አራተኛውን ሸፍናለች።

«እናቴ ናት፤ የዛሬ ሃምሳ ዓመት። አንድ የመንደሩ ልጅ ቦታውን አሳይቷት ፎቶ አነሳት። በዚህች ጣት ቤተሰቡ ሁሉ ሲስቅ ኖሯል።»

ኔቪል መነጽሩን አደረገ… ፎቶውን አየ… ቀስ ብሎ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«እመቤት… ይህች ጣት የኔ ናት።»

ሜርል ከፎቶው ወደ አውራ ጣቱ አየች።

«ድንጋዮቹን ከነቀሉት አንዱ እኔ ነኝ። መቶ አስራ ስምንት ድንጋይ! የትኛው ከየት እንደተነሳ የጻፈ ሰው አልነበረም። እናትዎ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ሲጠይቁኝ አላውቅም ማለት አፈርኩ። ይህን ጥድ አየሁና… ‹እዚህ ጋ ናት› አልኳቸው።»

«ዋሿት?»

«ዋሸኋቸው።»

«እናቴ ይህን ፎቶ እስክትሞት ከራስጌዋ አልለየችውም!» አለች ሜርል። ለመጮህ እንኳ አቅም አልነበራትም። «ለምን ነገሩኝ? ዝም ቢሉ ቆቧን ቀብሬ እሄድ ነበር… ምንም አላውቅም ነበር።»

«እርስዎ ይሄዳሉ። እኔ ግን በየሳምንቱ ይህንን ሣር አጭዳለሁ።»

የቤተክርስቲያኑ የአስር ሰዓት ደወል ተደወለ።

«እንግዲያው የትም አትገኝም ማለት ነው» አለች ሜርል ማንኪያዋን እያነሳች።

«እሱን አላልኩም። ይነሱ።»

ኔቪል ከጥዱ ሥር ጀምሮ እርምጃ መቁጠር ጀመረ። ሜርል እግሯን እየጎተተች ተከተለችው። አርባ አንድ ላይ፣ ሳማ የበቀለበት ጥግ ቆመ።

«ስንነቅላቸው የድንጋዮቹ ሥር መሬት ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። በጋው ድርቅ ሲሆን ከላዩ ያለው ሣር ቀድሞ ይደርቃል። እኔ ያኔ እየጠበቅሁ ቆፈር አደርግና፣ የስብራቱን ቅርፅ ካርቶን ላይ ስዬ አጥሩ ላይ ካሉት ጋር አስተያየዋለሁ። እስካሁን መቶ ሦስቱን አግኝቻለሁ። ከሁሉ ፊት የፈለግሁት የሄስተርን ነበር… የተገኘችው ግን በአምስተኛው ድርቅ ነው። የእናትዎን ስም አልጠየቅኳቸውም ነበርና የምጽፍለት ሰው አጣሁ።»

ተንበርክኮ ሳማውን በባዶ እጁ ገለጠው። አፈሩን ሲጠርገው የተሰበረ የድንጋይ ጫፍ ብቅ አለ።

ሜርል ያችን ቆብ ለመጨረሻ ጊዜ ጣቷ ላይ አጠለቀቻት… ልክ ሆነቻት። አወለቀችና ከድንጋዩ ጫፍ ሥር አፈር ውስጥ አስቀመጠቻት።

አውቶቡሱ ከአጥሩ ውጪ ሲያልፍ ተሰማ። ሁለቱም ዞረው አላዩትም።

«በኔ መኪና እስከ ባቡሩ አደርስዎታለሁ» አለ ኔቪል፤ እጁ በሳማ ቀልቶ።

ሜርል ስልኳን ሰጠችው።

«መጀመሪያ ያንሱኝ።»

«ዛሬ እንኳ ጣቴን አርቃለሁ።»

«አያርቁ» አለች… «ጣትዎም ትግባ።»

ወዳጆቼ… ኔቪል ውሸቱን ለመናገር አምስት ሰከንድ አልፈጀበትም። ለማቃናት ሃምሳ ዓመትና አምስት ድርቅ ፈጀበት። «አላውቅም» ማለት አንድ ቃል ነው፤ ከዚያ የቀለለ ሸክም አልነበረም። ያም ሆኖ የዘገየ እውነት ባለቤቱ ጋ ደርሷል።

እናንተስ በሜርል ቦታ ብትሆኑ… እናታችሁን ያጽናናት ነገር ውሸት እንደነበር ቢነገራችሁ ትመርጣላችሁ? ወይስ ሳታውቁት አውቶቡሳችሁን ይዛችሁ ብትመለሱ ይሻላችኋል?