ከስኳር ዕቃው ሥር የተቀመጠው ወረቀት

መጋረጃው ተሰፍቷል...

በሰማያዊ ክር።

ሴትየዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሳሎኑ መሃል ቆማ ቀረች። የመጋረጃው ጠርዝ ከተተረተረ ሦስት ዓመቱ ነው።

ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ለመጽሐፏ ረቂቅ ወረቀት ላይ "የተተረተረውን መጋረጃ በሰማያዊ ክር ስፊው" ብላ ጽፋ ነበር።

ጻፈች እንጂ አልሰፋችም።

ሥራዋ መጻፍ ነው። ስለ ቤት... ስለ ቀላል ኑሮ... በሥርዓት ስለታጠፈ አንሶላ፣ ቀስ ብሎ ስለሚፈላ ሾርባ። ሁለቱ መጽሐፎቿ ፊልም ሆነዋል። "ያንቺን ፊልም አይቼ ከቤቴ ጋር ታረቅሁ" የሚላት ሰው ብዙ ነው።

የራሷ ምድጃ ግን አቧራ ለብሷል። እራቷን ተገዝቶ ከመጣ ካርቶን ነው የምትበላው።

ወደ በሩ ተመለሰች።

"ዛሬ ሰው ገብቶ ነበር?"

"ኧረ እትዬ፣ ዝንብም አላስገባሁ!" አለ ዘበኛው።

"እንቅልፍ ወስዶህ እንዳይሆን?"

"ቀን ከተኛሁማ ማታ ምን ልሠራ ነው?"

ቤት ውስጥ ያለችው እናቷ ብቻ ናት። እናቷ ደግሞ ከታመመች ሁለት ዓመቷ... አንድ ቃል አትናገርም። የኋላው ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። ሐኪሙ "ምንም አታውቅም፣ ብዙ አትጠብቂ" ብሏል።

ልጅ ጠዋት ምግብ በትሪ ትታላት ትወጣለች። ስትመለስ ትሪው ባዶ ነው። ግንኙነታቸው ይኸው ነው።

ሰኞ ወደ መጦሪያ ቤት ልትወስዳት ነው። አልጋ ተገኝቷል።

በማግስቱ "የወላለቁትን የሸሚዝ ቁልፎች ጠርሙስ ውስጥ ሰብስቢ" ብላ ጻፈች። ወረቀቱን እንደ ልማዷ ከስኳር ዕቃው ሥር አድርጋ ወጣች።

ስትመለስ ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሙሉ።

እኔ ብሆን ጫማዬንም ሳላደርግ እሮጥ ነበር። እሷ ግን ለመጽሐፏ አራሚ ደወለች።

"ስሚ... ቤቴ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። የምጽፈውን ይሠራል።"

"ውይ፣ እኔ ቤት ላኪልኝ! የሦስት ቀን ዕቃ ሳይታጠብ ተከምሯል።"

"እየቀለድኩ አይደለም!"

"እሺ እሺ... የመጨረሻው ምዕራፍስ የታለ?"

"ሰኞ እማ ስትሄድ ቤቱ ጸጥ ይልልኛል። ያኔ እጨርሰዋለሁ።"

"እናትሽ አይናገሩም አላልሽኝም?"

"አትናገርም..." ድምጿ ዝቅ አለ። "ግን አለች።"

"እኔ ሰኞን አላውቅም። ቅዳሜ እፈልገዋለሁ።"

ሐሙስ ለፈተና ያህል፣ የትም መጽሐፍ ላይ የማይገኝ ነገር ጻፈች።

"መስኮቱ ላይ ሦስት ማንኪያ ደርድሪ።"

ስትመለስ...

ሦስት ማንኪያ። መስኮቱ ላይ። ልክ እንደ ሰው ጎን ለጎን ቆመው።

ወረቀቱ ከስኳር ዕቃው ሥር እንዳለ ነው። ጥጉ ላይ ግን በእርሳስ የተሠራች ትንሽ ክብ አለች።

ይህችን ክብ ከዚህ በፊት አንድ ቦታ አይታታለች። የት?

ወደ ኋላው ክፍል ሮጠች። እናቷ ግድግዳውን ታያለች። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው።

"እማ... ሰው አይተሻል?"

እናቷ ዓይኗን ከግድግዳው አላነሳችም።

ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻውን ምዕራፍ ጻፈች። ደስ ብሏት፣ በአንድ ትንፋሽ።

"ቀላል ኑሮ የሚጀምረው ከማውጣት ነው። በየክፍሉ ዙሪ። የማይሠራውን... ቦታ ብቻ የያዘውን... አሳዝኖሽ ብቻ ያስቀመጥሽውን... በር ላይ አውጪው። አትሰናበቺው።"

ከስኳር ዕቃው ሥር አደረገችው። ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመለስ ከበሩ ውጭ ዕቃ ተደርድሯል። የቆመ የግድግዳ ሰዓት። እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያ። አንድ እግሩ የተሰበረ በርጩማ።

በሰልፉ መጨረሻ ላይ የእናቷ ወንበር...

ወንበሩ ላይ እናቷ።

ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

"አንድ በአንድ ራሳቸው ናቸው ያወጡት" አለ ዘበኛው፣ ቆቡን አውልቆ። "'እማማ፣ ላግዝዎት' ብላቸው እጃቸውን አወናጨፉብኝ። መጨረሻ ላይ ወንበሩን አመጡና ተቀመጡበት።"

ቦርሳው ላይ ወረቀቱ አለ።

ጥጉ ላይ ክብ።

ያኔ ትዝ አላት...

እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናት ለፈረቃዋ ወጥታለች። ለዓመታት የተነጋገሩት ከስኳር ዕቃው ሥር በሚቀመጥ ወረቀት ነው። "ሾርባው ምድጃ ላይ ነው። ካልሲሽን እጠቢ።" ልጅ የታዘዘችውን ስትጨርስ ጥጉ ላይ ትንሽ ክብ ታደርጋለች።

ሠርቻለሁ ማለት ነው።

ለእናት ያነበበችው የመጽሐፍ ረቂቅ አልነበረም። ልጄ ትታልኝ የሄደችው መልእክት ነው ብላ ነው... መጋረጃውንም፣ ማንኪያውንም፣ የዛሬውንም።

ልጅ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች። ወረቀቱን ገለበጠችው። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ ጻፈች።

"እቤት ግቢ። ሾርባው ምድጃ ላይ ነው።"

እናት በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንዴ። ደግማ። ከዚያ ተነሳች፣ ቦርሳዋን ይዛ ገባች።

ምድጃው ላይ ግን ምንም ሾርባ አልነበረም!

ልጅ እየሮጠች ቀደመቻት። አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገች፣ እሳት ለኮሰች፣ ካሮት ስትከትፍ ጣቷን ቆረጠች። ስለ ሾርባ አርባ ገጽ የጻፈች ሴት ጨው አበዛችበት።

እናት ቁጭ ብላ ጠበቀች። እስከ መጨረሻው ማንኪያ ጠጣች።

ከካፖርቷ ኪስ አጭር እርሳስ አወጣች...

ክብ አደረገች።

ሰኞ የመጦሪያ ቤቱን አልጋ ሌላ ሰው ወሰደው። አራሚዋም የመጨረሻውን ምዕራፍ እስከ ዛሬ እየጠበቀች ነው።

ቤተሰቦች፣ ስለ ቤት የሚያምሩ መጽሐፎችን አንብቡ፣ ፊልሞቹንም እዩ፤ ክፋት የላቸውም። ግን ቤት ስታቀሉ ማንን እያወጣችሁ እንደሆነ ተመልከቱ። ዝም ያለ ሰው ሁሉ የማይሰማ አይደለም... እያንዳንዷን ቃላችሁን እያነበበ ይሆናል።

እናንተስ፣ ዛሬ ቤታችሁ ውስጥ ዝም ላለው ሰው አንድ መስመር ከስኳር ዕቃው ሥር ብትተዉለት፣ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ? እዚሁ ሥር ጻፉት... ከዚያ ግን ሄዳችሁ ለራሱ አሳዩት።