በገመድ ብቻ የሚሠራው ላፕቶፕ

ላፕቶፑን ታቅፋ የገባችው ሚስትየው ናት። ባሏ፣ ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር፣ ከኋላዋ ገባና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ፣ «ልጄ ነው ያበላሸው» አለ።

የኮምፒውተር ጠጋኙን ሰፈርተኛው «ሐኪሙ» ይለዋል። ዲስክ ሲመጣለት መጀመሪያ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጠዋል፤ መፍቻ የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። መምህሩ ይህን ሲያይ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው። ባትሪው አብጦ ከተጣለ ስለቆየ በገመድ ብቻ ነው የሚሠራው። እንዲያም ሆኖ ደህና ነበር። ወንድ ልጃቸው ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ «አባዬ፣ ይሄ ሲስተም ጊዜው አልፎበታል» ብሎ አዲስ ጫነበት። ከዚያ ወዲህ እየሠራ ድርግም ይላል። ሲበራ ደግሞ ጥቁር ስክሪን ላይ የዲስክ ስህተት ይደረድራል። አባትየው የልጁን ስልክ ማንሳት ተወ። ልጁም ደግ ሠራሁ ብሎ አመድ አፋሽ ሆኖ ቀረ።

«ልጁ ምንም አላደረገም» አለች ሚስትየው።

«አንቺ መቼም እናት ነሽ።»

ሐኪሙ ላፕቶፑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀ።

«የሴቷ ልጄ ድምፅ» አለ መምህሩ። «ካቻምና ሞተችብን።» የቤት ቁጥሩን እንደሚናገር ሰው ነው ያለው። ለእናቷ ስልክ የላከችው አጭር የድምፅ መልእክት ነበር። ስልኩ ልብስ የተዘፈዘፈበት ውኃ ውስጥ ወድቆ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ደግነቱ መምህሩ ድምፁን አስቀድሞ ወደ ላፕቶፑ ገልብጦት ነበር። ሌላ የልጅቷ ድምፅ የላቸውም። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይህንኑ እየደጋገመ ይሰማል።

«የሚጠፋብዎት ምን ሲሠሩ ነው?»

«ልክ እሷን ስከፍታት።»

ሐኪሙ አልገረመውም። ፋይሉ ዲስኩ የተጎዳበት ቦታ ላይ ካረፈ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ዲስኩን ፈተሸ፣ ስህተቱን አረመ፣ ፋይሉን በመከራ አወጣና ሊሞክረው ከፈተው።

«እማ፣ በር ላይ ነኝ። ክፈቺልኝ፣ እጄ ሙሉ ነው።» መጨረሻው ላይ ሳቅ አለበት።

ሚስትየው ከወንበሯ ተነስታ ወደ ሱቁ በር ሄደች። ሐኪሙ የቸኮለች መስሎት፣ «ጨርሻለሁ እናቴ፣ ይቀመጡ» አላት። ተመልሳ ተቀመጠች።

«ድምፁ አንተም ጋ ይቀራል?» አለችው።

«የሰው ነገር እኔ ጋ አላስቀርም። ግን ለክፉም ለደጉም ይሄን ይያዙ።» ፍላሽ ላይ ገልብጦ እጇ ላይ አኖረላት።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ያው ድርግም፣ ያው ስህተት። ፍላሹም ጠፍቷል።

«ልጁ መጥቶ ነበር» አለ መምህሩ። «እኔ አላስገባሁትም፤ በር ላይ እናቱን አናግሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ፍላሹ የለም። እህቱን ሁለተኛ ሊቀብራት ነው የተነሳው።»

ሚስትየው የላፕቶፑን ገመድ ክንዷ ላይ እየጠቀለለች ነበር። ቀና አላለችም።

ሐኪሙ አዲሱን ሲስተም አጥፍቶ የድሮውን መለሰ። ላፕቶፑ እንደገና ታሞ መጣ። ዲስኩን አውጥቶ ጤነኛ ዲስክ ገጠመበት። ጤነኛውም ታሞ መጣ። ሌላ ፍላሽ ልስጥዎት ቢለው መምህሩ፣ «ፍላሽ እግር አለው፤ እኛ ቤት አይበረክትም» ብሎ እምቢ አለ።

ሐኪሙ የመጨረሻውን ዲስክ ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

«ጋሼ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀምን ነው» አለ። «ሲስተሙ ምንም አላደረገም። ዲስክ በወጉ ሳይዘጋ ኃይል በድንገት ሲቋረጥበት ነው እንዲህ የሚጎዳው። ድምፁን ዛሬም አውጥቼዋለሁ። አንዴ ቢደገም ግን እንጃ፣ ቃል አልገባም። ሶኬቱ የት ነው?»

«ከእሷ ወንበር ጀርባ። ማንም አይደርስበትም።»

«እንግዲያው የላላ ሶኬት ነው፤ ወይም መብራቱ እየተቆራረጠ ይሆናል።» ጓዳ ገብቶ ከተጣሉት ላፕቶፖች መካከል ሲያገላብጥ ቆየና ልኩ የሆነ ባትሪ ይዞ ወጣ። ከሥር ገፋ አድርጎ ሲያስገባው ቀጭ አለ። «ከእንግዲህ መብራት ቢሄድም፣ ገመዱ ቢነቀልም አይጠፋም።»

መምህሩ ባትሪውን አየ፤ ሐኪሙን አየ። «ልጁ አይደለማ?»

«ልጅዎ የለበትም፣ ጋሼ።»

«በር ላይ አቁሜ መለስኩት እኮ።» ስልኩን ከኪሱ አወጣና ሊደውልለት ወደ ውጭ ወጣ። ሲያለቅስ በመስታወቱ በኩል ይታይ ነበር።

ሐኪሙ ሊሞክረው ገመዱን ነቀለ። ላፕቶፑ አልጠፋም። ድምፁን ከፈተው፤ «እማ፣ በር ላይ ነኝ» ብሎ ጀምሮ እስከ ሳቁ ድረስ ሄደ።

ሚስትየው ተነስታ የሱቁን በር ከፈተች። ሐኪሙ ባሏን ልትጠራ መሰለው። እሷ ግን ደጁን ግራና ቀኝ አየችና ዘግታ ተመለሰች። ገመዱን እንደ ልማዷ ክንዷ ላይ ጠቀለለች። ከዚያ ላፕቶፑን ገልብጣ ሥሩን በጣቶቿ ዳበሰችው።

«ልጄ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ባትሪ እንዴት ነው የሚነቀለው?»