የመስኮቱ ብረት

ሻጩ ሁለት የብረት መጋዞች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። በያጁ ዋጋው የማይቀመሰውን የኤሌክትሪክ መጋዝ አልፎ በእጅ የሚገፋውን አነሳና ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቆዳውን ሲቧጭረው እንኳ የሌላ ሰው ጣት መሰለው። ጓሮው ውስጥ ይሠራባቸው የነበሩት መሣሪያዎች በሙሉ ባለፈው ሳምንት ከቤቱ እኩሌታ ጋር ተቃጥለዋል።

«ጋሼ፣ ርካሽ ነው ብለው እሱን አይውሰዱ፤ ክንድዎን ይጨርሰዋል» አለው ሻጩ። «ለመሆኑ ምን ሊቆርጡበት ነው?»

«የመስኮት ብረት።»

«የማንን?»

«የራሴን። የተረፉት ክፍሎች ላይ ያለውን።»

ሻጩ ሳቅ አለ። «እንዴ! ሰው ብረት ያስገጥማል እንጂ ይነቅላል? ሌባ ቢገባብዎትስ?»

በያጁ መጋዙን ከእጁ አላስቀመጠም። የመኝታ ቤቱን መስኮት ብረት የበየደው እሱ ራሱ ነበር፤ ቤቱ የተቃጠለ ዕለት ጎረቤቶቹ በዶማ ቢታገሉትም ንቅንቅ አላለላቸውም። ሚስቱ እጇን በፍርግርጉ መሀል አውጥታ፣ ጭሱ ዝም እስኪያሰኛት ድረስ የእሱን እጅ ጨብጣ ነበር።

«ይግባ» አለ። «ትርፍ ምላጭ ካለህ ጨምርልኝ፤ ብዙ መስኮት ነው።»