አምጪና አጣቢ

መካኒኩ ካርቶኑን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ሲያስቀምጠው ቀድሞ የሚወጣው ሽታው ነው። የተቃጠለ ዘይት፣ ሽንት፣ የሰነበተ ቁስል። ሚስቱ የምትሰፋውን ጥላ ከጎን ክፍል ትመጣና በሩ ላይ ትቆማለች።

«ደግሞ ምን አመጣህ?»

«አትቆጪኝ። የደንበኛ መኪና ኮፈን ስከፍት ነው ያገኘሁት። እንዴት ጨክኜ ልጣለው? የነፍስ ነገር!»

ጎንበስ ብላ ታያለች። የድመት ግልገል ነው፤ ጡጫ አያህልም። ሁለቱም ዓይኖቹ በመግል ተጣብቀዋል። ሆዱ ላይ ቁንጫ ይርመሰመሳል። ሊጮህ አፉን ሲከፍት ድምፅ ሳይሆን ቢጫ አረፋ ይወጣዋል፤ አረፋው ውስጥ ክር የመሰለ ነጭ ትል ይላወሳል። የሴትየዋ አፍ ምራቅ ይሞላል። መዋጥ ያቅታታል።

የቤቱ ድመቶች ሽታው ጠርቷቸው ይመጣሉ። አሮጊቷ፣ እቴጌ የሚሏት፣ ፀጉሯን አቁማ ካርቶኑ ላይ «እፍፍ» ትላለች። ወንዱ፣ አጅሬ፣ አንዴ አሽትቶ ፊቱን ያዞርና ወደ ስፌቱ ክፍል ይገባል። ሴትየዋ ነገሩ ገብቷት ስትከተለው ግን ጭራውን አቁሞ ሸንቶ ጨርሷል፤ ደንበኛዋ ሙሽራ ነገ የምትወስደው ነጭ ቀሚስ ጠርዙ ላይ ቢጫ ውሃ ያንጠባጥባል።

«አጅሬ ቅናት ያዘው!» ይስቃል ባሏ ከወጥ ቤት።

ቀሚሱን እንዳንጠለጠለች ስትመለስ ሳቁ አፉ ላይ ይደርቃል።

«ይታጠባል እኮ» ይላል። «ይልቅ ሞቅ ያለ ውሃ አድርጊና ዓይኑን ጥረጊለት። ጽድቅ ነው።»

«ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ! አንተ አትጠርግም?»

የሸሚዙን ኮሌታ አፍንጫው ላይ ይስባል። «እኔማ ያስመልሰኛል። ታውቂኝ የለ? አንቺ ለምደሽዋል።»

ለምደሽዋል! እቴጌን ጭራዋ ተጨፍልቆ፣ ተልቶ ሲያመጣት ያጠበቻት እሷ ናት። አጅሬ በእከክ ተልጦ ሲመጣ ቅባት የቀባችው እሷ ናት። የባሏ አባት አልጋ ላይ በዋሉበት ዓመት በየማለዳው አንሶላቸውን የቀየረችው፣ ገላቸውን ያጠበችው እሷ ናት፤ ይሄው ሰው ያን ጊዜም አፍንጫውን በኮሌታው ይዞ፣ ከበሩ ሳያልፍ «እጅሽ ይባረክ» ይላት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልለመደችውም። ጓሮ ወጥታ ታስመልስና አፏን ተጉመጥምጣ ትመለስ ነበር እንጂ።

አሁን ከካርቶኑ ይልቅ ያ ኮሌታ ያቅለሸልሻታል። ከኮሌታው በላይ የሚያዝኑት ዓይኖች። ቀኑን ሙሉ ግሪስ ውስጥ ሲዋኝ ውሎ እዚህ ሲደርስ የሚጸየፈው እጅ።

ውሃ ታሞቃለች። ጥጥ ታመጣለች። እሱ እፎይ ብሎ ሊወጣ ሲል ግልገሉን አንስታ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች።

«ኧረ ባክሽ! ኧረ ተቀበዪኝ!»

«ያመጣኸው አንተ ነህ።»

ቀሚሱን ይዛ ትገባና በሩን ትዘጋለች። የተነከረውን ጠርዝ መተርተር ትጀምራለች። ከበሩ ወዲያ ሲያስመልሰው ይሰማታል፤ እንደገና ያስመልሰዋል። ይራገማል። እናቱን ይጠራል። ከዚያ ውሃ ሲንጠባጠብ ብቻ ይሰማታል። መቀሷን አስቀምጣ በሩን ትከፍታለች።

ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። ከማስመለሱ የተነሳ ጉንጩ በእንባ ርሷል፤ ኮሌታው ወርዷል። ጭኑ ላይ ያለው ግልገል በአንድ ዓይኑ ሽቅብ ያየዋል። መግል የተለደፈበትን አውራ ጣቱን የሰው ንብረት ይመስል ከገላው አርቆ ይዞታል።

«አሁንስ?» ይላታል፣ ጣቱን ሳያወርድ።

«ሌላኛው ዓይኑ ይቀራል።»

ምራቁን ደጋግሞ ይውጣል። ከዚያ ያንኑ ጣት ቀስ ብሎ ወደ ውሃው ይሰደዋል።