ማድረቂያ ተብሎ ተጽፎበት

ማሬን የቀለም መርጫውን የአየር ቱቦ አፍ ነጭ ወረቀት ላይ ደቅና አየር ነፋች። ጠዋት በዚሁ ቱቦ ስትነፋ ወረቀቱ ደረቅ ነበር፤ አሁን በውሃ ነጠብጣብ ተዥጎረጎረ። አላመነችም። ሌላ ወረቀት አምጥታ ነፋች፤ ያው ነው።

“ተይው በቃ” አላት አለቃዋ ቨርነን፣ የቀለም ክፍሉ በር ላይ ቆሞ የምሳ ሳንድዊቹን እያኘከ። “አባትሽ ጠዋት ራሱ መጥቶ መርጫውን አስረክቦኛል። ከአሁን ወዲያ የጠዋቱ ቀቢ ደስቲን የከሰዓቱንም ይቀባል። አባትሽ በአሸዋ ወረቀት ብረት ያለሰልስ። ሰው ነው፣ ያረጃል፤ ምን ይደረግ?”

“እጁ አይደለም አልኩህ እኮ። እየው፣ ውሃ ነው።”

“የእጅሽ ላብ ይሆናል። ማሽኑ አንድ፣ ቀለሙ አንድ። ደስቲን ጠዋት የቀባው ንጹህ ነው፤ አባትሽ ከሰዓት የቀባው አረፋ አውጥቶ ያድራል። እጁ ካልሆነ ምኑ ነው?”

ሲያንገበግባት የሰነበተው ይኸው ነው። ሐይቁ በረዶ ከሠራበት ጊዜ ጀምሮ፣ ፋብሪካቸው የሚሠራው፣ በመኪና ግንባር የሚታሰረው የበረዶ መጥረጊያ ምላጭ ጠዋት ጠዋት እንደ ተቃጠለ ቆዳ አባብጦ ይገኛል። ቀለሙን በሚገፋው አየር ውስጥ ውሃ አለ ማለት ነው። የማሽኖቹ ጠጋኝ እሷ ናትና በተጠራች ቁጥር አየር ወደሚያምቀው ኮምፕሬሰር ክፍል ትሮጣለች፤ ፊልትሮ ቀይራለች፣ የውሃ ማፍሰሻውን ፈታ አጥባለች። ግን የሚጠሯት ጠዋት ነው፣ ጠዋት ደግሞ የአየር ማድረቂያው የሙቀት መለኪያ ቀስት አረንጓዴው ላይ ተደላድሎ ይጠብቃታል። ከሰዓት እሷ የብየዳ ማሽኖቹ ጋ ስለምትውል፣ ከምሳ በኋላ ሄዳ አይታው አታውቅም።

አባቷ አርቪድ እሷ ሳትወለድ ጀምሮ ያንን መርጫ የያዘ ሰው ነው። እሱ የቀባው ምላጭ ፊት እንደ መስታወት ቆሞ ጢም መላጨት ይቻላል ይባል ነበር። ሰሞኑን ግን ራት ላይ ሹካውን አንስቶ ጣቶቹን ትክ ብሎ ሲያይ አይታዋለች። እጁን መጠርጠሩን ታውቅ ነበር፤ መርጫውን በገዛ ፈቃዱ ያስረክባል ብላ ግን አላሰበችም።

ወረቀቱን ጨምድዳ ወጣች። ከኋላዋ ቨርነን “ደስቲን ሊጀምር ነው፣ አየሩን እንዳትዘጊብን” ሲል ሰማችው፤ ዞር አላለችም።

የኮምፕሬሰሩን ክፍል በር ስትከፍት ወበቅ ፊቷን መታት። የማድረቂያው ቀስት ቀዩ ላይ ወጥቷል። አባቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ በካልሲ ተቀምጦ ሳንድዊች ይበላል። ማድረቂያው ፊት ለፊት ያለው የብረት ወንፊት ደግሞ አይታይም፤ ከላይ እስከ ታች እርጥብ ነገር ተሰቅሎበታል። የሠራተኛው ሁሉ የቦት ጫማ ገበር፣ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ፣ ሁሉም በሽቦ በሽቦ ተንጠልጥሎ ይተናል።

“አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ገበር ነዋ። ሐይቁ ላይ በረዶውን በስተን ዓሣ ስናጠምድ ከሥሩ ውሃ ወጥቶ ሁላችንንም አበሰበሰን። አንድ እንኳ ቢያዝልን ደግ ነበር።”

“እዚህ ስቀሉ ያላችሁ ማነው?”

አርቪድ በአገጩ ወደ ማድረቂያው ግንባር አመለከተ። “አንቺ ነሻ። ‘ማድረቂያ’ ብለሽ በትልቁ ጻፍሽበት። ምን እንድናደርቅበት ፈለግሽ ታዲያ፣ እንባችንን?”

ጽሑፉን የለጠፈችው እውነትም እሷ ነበረች፤ በመከር የደኅንነት ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሎ በየማሽኑ ስሙን ስትለጥፍ።

“ሁልጊዜ ነው የምትሰቅሉት?”

“ምሳ ሰዓት ሐይቅ የወረድን ቀን ሁሉ። ከሥራ ስንወጣ እናነሳዋለን። ሙቅ ነፋሱን ብታዪው፣ የቤቴ ምድጃ እንዲህ አያደርቅም።”

መሳቅ ቃጣት፤ የመጣው ግን እንባ ነው። ገበሮቹን ሁለት ሁለት እያደረገች መንጨት ጀመረች።

“ቀስ በይ እንጂ፣ ያ የኤይኖ ነው፤ አዲስ ነው።”

“አባዬ ስማኝ። ይሄ አየሩን የሚያደርቀው አቀዝቅዞ ነው። ቀዝቅዞ ውሃው ይጠራቀምና በታች ይወጣል፤ ሙቀቱን ደግሞ በዚህ በኩል ይተፋዋል። እናንተ አፉን ስትለጉሙት መትፊያ ያጣል፣ ይግላል። ሲግል ማቀዝቀዝ አይችልም። ውሃው ከአየሩ ጋር ተያይዞ መርጫህ ውስጥ ይገባል። ከሰዓት ከሰዓት ብቻ።”

አርቪድ ማኘኩን ተወ። ወንፊቱ ሲገለጥ ማራገቢያው ድምፁ ቀለለ፤ ቀስቱም ተንቀጥቅጦ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረ። አባቷ ቀስቱን አየ፣ እሷን አየ።

“ከሰዓት ከሰዓት” አለ ቀስ ብሎ። ጣቶቹን ዘርግቶ እያየ፣ “እጄ አይደለም እንዴ?” አላት።

“እጅህማ ምን ሆነ። እግርህ ነው እንጂ ጉድ የሠራህ።”

አልሳቀም። ተነሥቶ ሳንድዊቹን ባልዲው ላይ አስቀመጠ፤ ዓይኑ ቀላ።

“ደስቲን ጀምሯል?”

“ሊጀምር ነው።”

ባዶ ቦቶቹን አየት አድርጎ ተዋቸውና ወጣ። ማሬን የቀሩትን ገበሮች አራግፋ፣ ቀስቱ አረንጓዴው ላይ እስኪያርፍ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ የሰዉን እርጥብ ኮተት በሁለት እጇ ታቅፋ ተከተለችው።

ኮሪደሩ ውስጥ ሰው የለም። ሲሚንቶው ላይ ግን የእርጥብ ካልሲ ዱካ ወደ ቀለም ክፍሉ ይሄዳል። መጀመሪያ አጠገብ ለአጠገብ ነው፤ የብየዳውን በር ካለፈ በኋላ እንደሚሮጥ ሰው አንዱ ከአንዱ እየራቀ፣ ተረከዙ እየጠፋ፣ የጣቶቹ ብቻ ቀርቷል።