ለብርሃኑ ያፏጨሁ ቀን

በሰሜን ዋልታ ሌሊት ሰማዩ ላይ የሚወዛወዘውን ብርሃን የሚያጠናው ሮኬታችን ሊተኮስ ሲል ምግብ አብሳያችን ራቭና፣ «ለዋልታው ብርሃን አይፏጭም፤ ሰምቶ ይወርዳል» አለች።

የዚህን ብርሃን የፕላዝማ ሞገድ ሳጠና ጸጉሬ የሸበተው የድንች ላጭ ምክር ልሰማ ነው እንዴ? በሩን ከፍቼ ወደ አረንጓዴው ሰማይ ረጅም ፉጨት ለቀቅኩበት።

«ታዲያ የታለ፣ እትዬ ራቭና?»

«መንገዱ ሩቅ አይደል? ቆይ» አለች፣ ከድንቿ ቀና ሳትል።

ሮኬቱ ብርሃኑን ሰንጥቆ የሞገዱን ድምፅ ላከልንና ባሕር ውስጥ ሰጠመ። ድምፁን የሚከተለው አንቴና ግን መዞሩን አላቆመም፤ ከባሕሩ ወደ ወደቡ፣ ከወደቡም ወደ ግቢያችን ፊቱን አዞረ።

«ምን ነካው ይሄ ቆርቆሮ?» አልኩት ቴክኒሻኑን ኦድቫርን።

«የሚከተለው ነገር አለ» አለ ኦድቫር። «ድምፁም እየጎላ ነው።»

አንቴናው በራችን ላይ አነጣጥሮ ቆመ። ከበሩ ውጭ ረጅም ፉጨት ተሰማ፤ ልክ እንደኔው፣ በንቀት።