ሮቦቱ እስኪመጣ…

«በእጅ? የእናቴን ጉልበት በእጅ? አናጢ ነህ እንዴ!»

ልጁ ይህን ያለው ሽበታሙ ሐኪም ፊት ነው…

እናቱ በሀፍረት አቀረቀሩ። ሠላሳ ዓመት የስፌት ማሽን ፔዳል ሲረግጡ ኖረው ቀኝ ጉልበታቸው አልቋል። አጥንት ከአጥንት ይፋጫል።

ሐኪሙ አልተቆጣም።

«ሰው ሠራሽ ጉልበት ይገባላቸዋል። በሚቀጥለው ወር ተራ አለኝ።»

ልጁ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ከፈተ።

«እማ፣ እዪው! ሮቦቱ በሚሊሜትር ለክቶ ነው የሚሠራው። ትልቁ ሆስፒታል በቅርቡ ያስገባል። እንጠብቃለን!»

«እኔኮ ቶሎ መራመድ ነው የምፈልገው ልጄ…»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው!»



«በቅርቡ» የተባለው ሁለት ዓመት ፈጀ…

እናት መጀመሪያ ምርኩዝ ያዙ። ከዚያ ወንበር… ከዚያ አልጋ።

በመጨረሻ ሮቦቱ መጣ። ቀዶ ሕክምናው ያለ እንከን አለቀ። ልጁ ፎቶ ለጠፈ፣ ላይኩ ጎረፈ።

ስድስት ወር አለፈ… እናት ግን ከአልጋ እስከ በር ብቻ።

«ዶክተር፣ ሮቦቱ ተሳስቶ ይሆን?»

ቀዶ ሕክምናውን ያደረገችው ወጣት ሐኪም ራሷን ነቀነቀች።

«ጉልበቱ ልክ ነው የገባው። የሟሸሸ ጡንቻ ግን ሮቦት አይመልስም። ሁለት ዓመት መቀመጡ ነው የጎዳቸው።»

«ያኔ በእጅ ቢሠራስ ኖሮ?»

«በጥሩ ሐኪም እጅ? ዛሬ የሚራመዱ ይመስለኛል… ሮቦቱንም እኮ የምንመራው እኛው ነን።»

ከዚያ ከመጀመሪያው ሐኪም የተላከላትን የድሮ ካርድ ገልጣ ሰጠችው። የሽበታሙ ሐኪም ጽሑፍ ነው።

«ታካሚዋ ከሁሉም በላይ የሚፈልጉት፦ ልጃቸው ቤት መውጣት። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። የልጅ ልጃቸው ከተወለደች ወዲህ ቤቱን ረግጠው አያውቁም።»

ልጁ ካርዱን ደግሞ አነበበው…

እናቱ ገና በእግራቸው ይሄዱ በነበረ ጊዜ እንኳ የማይመጡት ሚስቱን ጠልተው ይመስለው ነበር። በሆዱ ቂም ይዞባቸው ነበር!

እያለቀሰ ሄዶ እግራቸው ሥር ወደቀ።

«ለምን አልነገርሽኝም እማ?»

«ደረጃው ከበደኝ ብዬ ቤት ላስቀይርህ?»

«አዝዬሽ እወጣለሁ!»

«ተው አንተ… ደግሞ ለወገብህ ሌላ ሮቦት እንጠብቅ?»

እናት ሳቁ። እሱ ግን መሳቅ አልቻለም።

ወዳጆቼ… ቴክኖሎጂ ጥሩ ነው። ግን ለምንወደው ሰው ከመወሰናችን በፊት፣ የሚፈልገውን ከራሱ አፍ እንስማ።

እናንተስ «ለአንተ ብዬ ነው»፣ «ለአንቺ ብዬ ነው» ብላችሁ ሳትሰሙት የቀራችሁት ሰው አለ? ዛሬ ብታገኙት ምን ትሉት ነበር? 👇